አንድ ዶማ ስንት ገበያ ይዘጋል?

ቡሬ የገበያ ቀን ነው እንበል። ከአዲስ አበባ በቆሎ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩን ቢያነሣ መስመር የለም። ከመጋዘኑ ጎን ያለው የባንክ ቅርንጫፍ በሩ ላይ «ሲስተም የለም» የምትል ወረቀት ለጥፏል። ቴሌብርም አልከፍት ብሏል። አይሱዙው ግማሽ ጭነት ይዞ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥላ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ገበሬው እህሉን አስመዝኖ ገንዘቡን ይጠብቃል። ደላላው ዛሬ እህል በረንዳ በቆሎ በስንት እንደ ዋለ አያውቅም፤ ስለዚህ ሻጭና ገዥ ትናንት በሰሙት ዋጋ ይፋጠጣሉ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰው ጉድጓድ ሲቆፍር ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ ገመድ ቆርጧል። ምን እንደ ቆረጠ ግን አላወቀም፤ ዶማውን ጠርጎ ሥራውን ቀጥሏል።

የገበያ ገጽ ስለ ገመድ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ምዕራብ ጎጃም ከራሱ ተርፎ ለሌላው የሚልክ አገር ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ የቡሬው በርበሬ፣ የፍኖተ ሰላሙ ማንጎ የሚሸጡት ከሚበቅሉበት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መጋዘን ከከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ቡሬ ናት። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው እዚሁ ሲሆን የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ተመርቋል። ይህ ሁሉ ሀብት ዋጋ የሚጠይቀው፣ ገንዘብ የሚልከውና የሚቀበለው፣ ደረሰኝ የሚያረጋግጠው በመስመር ነው። መስመር ሲጠፋ መጋዘኑና ፋብሪካው ባሉበት አሉ፤ የሚጠፋው ዋጋ ነው።

ዋጋ መጥፋት ሲባል ማጋነን እንዳይመስል አንድ ጥናት እንጥቀስ። ጄኒ ኤከር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ኒጀር ውስጥ ሞባይል ስልክ ወደ እህል ገበያዎች ሲገባ የሆነውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። ስልክ በገባባቸው ገበያዎች መካከል የነበረው የእህል ዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ ቀንሷል። ስልክ ሲገባ የጠበበው ልዩነት ስልክ ሲጠፋ ይሰፋል ብሎ ማሰብ የሚከብድ አይደለም። በዚያ መካከል ማን እንደሚጠቀም የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማለዳ በመኪና ደርሶ የአዲስ አበባን ዋጋ በጆሮው የያዘው ነው። ማን እንደሚጎዳም እንዲሁ ይታወቃል።

እስቲ ለስሌት እንዲመች ቁጥር እናስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ ግምት እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ መኪና 200 ኩንታል በቆሎ ይጫን፤ ኩንታሉ 4 ሺህ ብር ይሁን። የተያዘው ገንዘብ 800 ሺህ ብር ነው። ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢሆን የአንድ ቀን መዘግየት 395 ብር ገደማ ያስከፍላል። መኪናው ለቆመበት ቀን 5 ሺህ ብር እንጨምር። ዋጋውን ባለማወቅ በኩንታል 50 ብር ብቻ ቢሳሳቱ ደግሞ 10 ሺህ ብር ነው። ድምሩ 15 ሺህ 400 ብር ያህል ይሆናል። በዚያ ቀን 30 መኪና ቆሞ ከሆነ ከ460 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ነጋዴው ሁልጊዜ የሚያማርርበት ወለድ ከሦስቱ ትንሹ ነው። ትልቁ ባለማወቅ የሚከፈለው ነው፤ እሱ ደግሞ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት

ቀድሞ የስልክ ሽቦ መዳብ ነበር። ፋይበር የሚባለው ግን መስታወት ነው። የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ስምንት እጅ አንዱን ያህል ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት ማዕከላዊው ክፍል ደግሞ ከ10 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም። በዚህ ቀጭን ነገር ውስጥ ያገር ድምፅ፣ የባንክ ሒሳብና የስልክ ገንዘብ ሁሉ በብርሃን ምልክት ይጓዛል። አንድ ገመድ እንደ ዓይነቱ 24፣ 48 ወይም ከዚያም በላይ ክር ይይዛል።

አገሪቱ ይህን መስመር በስፋት የዘረጋችው በሚሊኒየሙ ዋዜማና ማግስት ነው። የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት አድርጎ ነበር። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን ከፈተ። በጎሐ ጽዮን ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጂጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና የመኪና ብቻ መንገድ አይደለም። የወሬውም መንገድ ያው ነው። ጎዳናው ሲታረስ፣ ሲሰፋ ወይም ሲናድ ገመዱም አብሮ ይነካል።

የመዳብ ሽቦ ይሰረቅ ነበር፤ ፋይበር ግን ተሰርቆ የሚሸጥ ነገር የለውም። እንዲያም ሆኖ መዳብ የያዘ እየመሰላቸው የሚቆርጡት አሉ። የዚህ ዓይነቱ ስሕተት በዓለም የታወቀው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጆርጂያ ውስጥ ነው። አንዲት የ75 ዓመት አሮጊት አሮጌ መዳብ ፍለጋ በአካፋ ሲቆፍሩ ፋይበር ቆረጡና ጎረቤት አገር አርሜንያ ለአምስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ተለየች። አገር ሙሉ በአንድ አካፋ! መስመሩ ጠንካራ ይሁን ደካማ ጥያቄው እሱ አልነበረም፤ መዞሪያ ስላልነበረው ነው።

ማን ይቆርጠዋል?

ብዙ ሰው ፋይበር ተቆረጠ ሲባል ወዲያው ተንኮል ያስባል። ተንኮል የለም አንልም። ሆኖም በየትኛውም አገር የተቀበረ ፋይበር ዋነኛ ጠላት ቁፋሮ ነው። መንገድ የሚሠራው ኤክስካቫተር፣ የውኃ ቧንቧ የሚቀብረው ማዘጋጃ ቤት፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፈው ማኅበር፣ መሠረት የሚያወጣው ባለ ቤት፣ ሁሉም የሚቆፍሩት መሬት አንድ ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ገጠሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአማራ ክልል በየዓመቱ ከመኸሩ አዝመራ በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ የተፋሰስ ሥራ ይሠራል። እርከን ይቆፈራል፣ የውኃ ማሥረጊያ ቦይ ይወጣል፣ ጎርፍ የቦረቦረው ይታሰራል። ሥራው ለመሬቱ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ገመዱ ሲቀበር በተለመደው አሠራር ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ የነበረው፣ አፈሩ በየክረምቱ ሲታጠብ ከርሞ ዛሬ ከላዩ ምን ያህል እንደ ቀረለት በካርታ ላይ አይታይም። ጎጃም አፈሩ በጎርፍ የሚጠረግ አገር ነው፤ ዓባይ ቀልቶ የሚወርደው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የተቀበረ መስመር የተጻፈለትን ጥልቀት አምኖ የሚቆፍር ሰው ሊሳሳት ይችላል።

ድልድይም አለ። ተምጫ፣ ብር፣ ላህ፣ ፈጠም፤ ወንዙ ብዙ ነው። ገመዱ ወንዝ በደረሰ ቁጥር ከመሬት ወጥቶ በብረት ቱቦ ውስጥ ከድልድዩ ጎን ይታሰራል። ጎርፍ ቢገፋው፣ መኪና ቢገጨው፣ ከሥር እሳት ቢነድበት መጠጊያ የለውም። በዓባይ በረሃ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው ተዳፋት የሚንሸራተት መሬት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ሳይቀር አጥንቶታል። አስፋልቱ ሲሰነጠቅ በዓይን ይታያል፤ ከሥሩ ያለው መስታወት ሲለጠጥ ግን አይታይም።

ፍልፈልንም አንርሳ። የሚያኝኩ አይጥ መሰል እንስሳት የገመድን ሽፋን መብላታቸው በዓለም የታወቀ ስለሆነ ነው አንዳንዱ ገመድ የብረት ጥብጣብ የሚለብሰው። ብረት ሲለብስ ዋጋው ይጨምራል፣ ይከብዳል። ጨረታ ላይ ርካሹን የመረጠ ሰው ቁጠባውን ዛሬ ያገኘዋል፤ ጥገናውን የሚከፍለው ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ነው።

ፍለጋው

ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከመሬት በታች፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ አንዲት ነጥብ እንዴት ትገኛለች? መሣሪያው ኦቲዲአር ይባላል። ሥራው ገደል ማሚቶ ነው። ከአንድ ጫፍ አጭር የብርሃን ምት ወደ ክሩ ይላካል፤ መስታወቱ ከሚሄደው ብርሃን ጥቂቱን በየቦታው ወደ ኋላ ይመልሳል። መሣሪያው ያ ማሚቶ ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደ ተመለሰ ይለካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጊዜው 10 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የተላከው ብርሃን ማሚቶው በ180 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ድንገት ከጠፋ፣ ቁርጡ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው።

በስክሪኑ ላይ ጤነኛ መስመር ቀስ ብሎ የሚወርድ ተዳፋት ይመስላል። ረጅም ርቀት በሚሄደው የ1550 ናኖ ሜትር ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። መጋጠሚያ ያለበት ቦታ ትንሽ ደረጃ ይታያል። ገመዱ የታጠፈበት ቦታም እንዲሁ ደረጃ ያሳያል፤ የብርሃኑ ሞገድ ረዘም ባለ መጠን እጥፋቱ ይብስበታል። የታጠፈውን ከመጥፎ መጋጠሚያ የሚለዩትም በሁለት ዓይነት ብርሃን ለክተው ነው።

እዚህ ድረስ ነገሩ የላብራቶሪ ሥራ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው መኪና ተነሥቶ 18 ኪሎ ሜትር ሲቆጠር ነው። መሣሪያው የለካው የክሩን ርዝመት እንጂ የአስፋልቱን አይደለም። ክሩ በገመዱ ውስጥ ተጠማዝዞ ስለሚሄድ ከገመዱ ይረዝማል፤ ገመዱም በየመጋጠሚያው ጉድጓድ ለመጠባበቂያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ወንዝ ዳር ይዞራል፣ ዳገት ይከተላል። የአንድ በመቶ ልዩነት እንኳ በ18 ኪሎ ሜትር ላይ 180 ሜትር ነው። 180 ሜትር ደግሞ ማሳ መሐል፣ ጤፍ ታጭዶ ነዶ በተከመረበት መሬት ላይ፣ የት እንቆፍር የሚያሰኝ ርቀት ነው። ኤክስካቫተር ከቆረጠው ጉድጓዱ በዓይን ይታያል። ፍልፈል ከበላው ወይም ውኃ መጋጠሚያው ውስጥ ከገባ ግን ላይ ላዩ ደኅና መሬት ነው።

እንግዲህ ሁለቱ የሚለዩት በወረቀት ነው። መስመሩ ሲዘረጋ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ገመድ ተጠቅልሎ እንደ ተቀመጠ፣ ጤነኛ ሳለ ስክሪኑ ላይ ምን ይመስል እንደ ነበር ተመዝግቦ ከተቀመጠ፣ ቴክኒሺያኑ ከመነሻው 18 ኪሎ ሜትር ሳይሆን «ከሰባተኛው መጋጠሚያ 240 ሜትር አልፎ» ብሎ መፈለግ ይችላል። ከቡሬ በኩልም ሌላ ቡድን ለክቶ ቢያነጻጽር ይበልጥ ይጠብባል። ይህ ምንም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። መዝገብ መጠበቅ ነው። የኛ አገር መዝገብ ቤት ግን ምን ጊዜም የሚታወሰው ነገር ከጠፋ በኋላ ነው።

ሳይቆረጥ በፊት ማወቅም ይቻላል። ብርሃን ያልተላከበትን አንድ ክር ለጥበቃ መድቦ ሌሊትና ቀን በራሱ የሚለካ መሣሪያ ቢገጠምለት፣ መጋጠሚያ ውስጥ ውኃ ሲሰርግ ወይም ተዳፋት ሲለጠጥ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ይታያል። ከዚያም የራቀ አለ። ክሩን ራሱን እንደ ጆሮ አድርጎ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሚያዳምጥ ዘዴ በነዳጅ ቧንቧዎች ላይ ይሠራበታል፤ ኤክስካቫተር ሲጠጋ ገና ባልዲውን ሳያወርድ ይናገራል። ዋጋው ግን ለእያንዳንዱ የገጠር መስመር የሚቀመስ አይደለም። እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቅድሚያው ለመዝገቡና ለጥበቃው ክር ነው።

ቦታው ተገኝቶም ሥራው አላለቀም። ገመዱ ሲቆረጥ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፤ አዲስ ቁራጭ መሐል ይገባል። ስለዚህ መጋጠሚያው ሁለት ነው። 48 ክር ከሆነ 96 ጊዜ መላጥ፣ በአልኮል መጥረግ፣ በቀጥታ መቁረጥ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ማቅለጥና መሸፈን ነው። ለአንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ለአንድ ቡድን 8 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ቡድን በሁለቱ ጫፍ ቢቀመጥ 4። የሠለጠነ ቡድን መጀመሪያ የሚያገናኘው ሥራ ላይ ያሉትን ጥቂት ክሮች ነው። በዝናብ ከሆነ ድንኳን ያስፈልጋል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት መጋጠሚያውን ታበላሻለች።

«ኔትወርክ የለም» ሦስት ነገር ነው

ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። ሆኖም ገመድ መቆረጥ አንድ ነው፣ የማማው መብራት መጥፋትና ጄኔሬተሩ ነዳጅ መጨረሱ ሌላ ነው፣ በትእዛዝ መዘጋት ደግሞ ሦስተኛ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭትና በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። ያንን ኦቲዲአር አያገኘውም። ቡሬ ላይ መቶ ሺህ ብር አውጥቶ መጠባበቂያ መስመር ያስገባ ባለ ሀብትም ከዚያ አይድንም።

ግጭት ለተቆረጠው ገመድም ጠላት ነው። መንገድ ሲዘጋ ጠጋኙም ይዘጋል። በሰላሙ ቀን በሰዓታት የሚያልቅ ጥገና መኪናው አልፎ መሄድ ካልቻለ በቀናት ይቆጠራል። ትግራይ ውስጥ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ነው በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የፋይበር መስመር ተጠግኖ ከተሞች ከስልክ ጋር የተገናኙት።

ሒሳቡ የማን ነው?

የመንገድ ተቋራጩ ገመድ ሲቆርጥ ጥገናውን የሚያወጣው የቴሌኮም ድርጅቱ ነው፤ ምናልባት ተቋራጩን ያስከፍለው ይሆናል። የቆሙት 30 መኪኖች ሒሳብ ግን የማንም አይደለም። በትምህርት ቤት ውጫዊ ወጪ ይሉታል፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ሰው የማይከፍለው ወጪ ነው። ያልተከፈለ ወጪ ደግሞ ማንም አይቆጥበውም።

ሕግ አልጠፋም። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ደኅንነት ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 464/1997 ወጥቷል። መሥሪያ ቤቶች አንዱ የሠራውን ሌላው እንዳያፈርስ በሚል የተቀናጀ መሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞም ነበር። ቅጣት ግን ተንኮለኛውን ነው የሚያስፈራው፤ የማያውቀውን አያስፈራውም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 811 የሚባል ቁጥር አላቸው። ማንም ከመቆፈሩ በፊት ይደውላል፤ የመስመሩ ባለቤቶች መጥተው መሬቱ ላይ በቀለም ያሳዩታል፤ ደዋዩ አይከፍልም። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን ለማድረግ ጥሪ የሚቀበል አንድ ሰው፣ አንድ ካርታና አንድ ሞተር ብስክሌት ይበቃል። የተፋሰስ ዘመቻው ከመጀመሩ በፊትም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ቢነገረው ብዙ ዶማ ይመለሳል።

ገበሬውም አለ። ገመዱ በማሳው ዳር ሲያልፍ የሚያገኘው ምንም ነገር የለም። የምልክት ድንጋዩን በሬ ቢያስርበት ወይም ማጭድ ቢስልበት ማን ይፈርድበታል? በኪሎ ሜትር ተከፍሎ ለአካባቢው ሰዎች ወርኃዊ የጥበቃ ክፍያ ቢሰጥ፣ ያውም መስመሩ ሳይቆረጥ ለከረመበት ወር ብቻ፣ ፍልፈሉን ሳይቀር የሚያሳድድ ጠባቂ ይገኛል። ይህ ከአንድ ቀን የቡሬ ኪሳራ የሚበልጥ ወጪ አይመስለንም።

ትልቁ ነገር ግን መዞሪያው ነው። የአርሜንያው ነገር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ጠረፍ አራት ገመዶች በአንድ ቀን ሲጎዱ ብዙ አገሮች ኢንተርኔታቸው ተንቀራፈፈ፤ በሌላ አቅጣጫ መዞሪያ የነበራቸው ቀድመው ተነፈሱ። ጎጃም መሬቱ ለመዞሪያ የሚመች ነው። ከደጀን በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ መንገድ አለ፤ ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ የሚወርድም አለ። ከጣና በለስ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ ወደ መሐል አገር የሚያልፈው የከፍተኛ ኃይል መስመርም አለ። በእንዲህ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር አናት በሚሄደው የመሬት ሽቦ ውስጥ ፋይበር ማስገባት የተለመደ ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ፋይበር ለመከራየት ተስማምቷል። ዶማ እዚያ ከፍታ አይደርስም።

በቡሬ ፓርክ ውስጥ ሼድ የሚከራይ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ መጋዘን የሚሠራ ወይም ቅርንጫፍ የሚከፍት ሰው ስለ ውኃና ስለ መብራት ሲጠይቅ ይውላል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት የመስመር አቅራቢውንም ሁለት ነገር ይጠይቅ። ደምበጫና ፍኖተ ሰላም መካከል ቢቆረጥ የእኔ መስመር በየት ይዞራል? ካልዞረ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው ክፍያዬ የሚቀነሰው? መልሱ በቃል ከሆነ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። ሁለት ድርጅት ባለበት ገበያ አንዱ አልጽፍም ካለ ሌላውን መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ሲም መያዝ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ጎዳና ዳር የተቀበሩ ከሆነ አንዱ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ያነሣቸዋል።